ናይሮቢ ላይ ለኦቺዬንግ ያካፈልኩት ነገር

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ዝሆን አየሽ ወይ?» ይለኛል። አላየሁም። አንበሳም ቀጭኔም አላየሁም። እኔ ያየሁት በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ነው፣ ያውም በማይክሮስኮፕ። ታሪኩን ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ማስረዳት ሰለቸኝ፤ ደግሞም ሰሚው ሁሉ የራሱን እየጨመረ ሲያወራው ሰማሁ። ስለዚህ ከነነውሩ ራሴ ልጻፈው ብያለሁ። ምግብ ላይ ያላችሁ ሰዎች ምግቡን ጨርሳችሁ አንብቡት።

ለማያውቀኝ፣ ስሜ ውድነሽ ነው። ከወልቂጤ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ቄራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሥጋ መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሬው ከታረደ በኋላ መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን በቢላ እየሰነጠቅኩ፣ የኮሶ ትል ገና በሕፃንነቱ የተኛበትን፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ከረጢት እፈልጋለሁ። ካጣሁ ሐምራዊ ማኅተሜን አሳርፋለሁ። ጥሬ ሥጋም እወዳለሁ፤ የጉራጌ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ግን ሕግ አለኝ። የምበላው ራሴ መርምሬ ያተምኩበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼ በየጊዜው ኮሶ ሲጠጡ እኔ «መድኃኒቴ ዓይኔ ነው» እያልኩ ስቄባቸው ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ሆዴን ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርገኝ ጨጓራ ነው አልኩ። ስከሳ ደግሞ ሰዎች «አማረብሽ» አሉኝ፤ ተቀበልኩ።

የቢሮ ኃላፊያችን ጠርተው ናይሮቢ የአንድ ሳምንት ሥልጠና እንዳለ ነገሩኝ። ሥልጠናው ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ከብት ስለሚሄዱ በሽታዎች ነው። «ሰርተፍኬቱን ይዘሽ ከመጣሽ የዞኑን የሥጋ መርማሪዎች ሁሉ የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ» አሉ። ሳልይዝ ብመለስ ግን ቦታው በሬን በሥዕል ብቻ ለምታውቅ አዲስ ምሩቅ ሊሰጥ ነበር። ይህን ቦታ ከልቤ ነው የፈለግሁት።

ቅዳሜ

በማለዳ ተነሳን። ሚኒባሱ አዲስ አበባ እስኪገባ ሁለት ጊዜ ጎማው ፈነዳ። ሁለተኛውን የቀየርነው ተሳፋሪዎቹ ነን፤ ሹፌሩ የመጀመሪያውን ሲቀይር ወገቡን ይዞት ነበር። አውሮፕላኑ ግን ምንም ሳይፈነዳ በሁለት ሰዓት ናይሮቢ አደረሰኝ።

ሻንጣዬ ውስጥ ለአስተናጋጆቼ በኮባ የጠቀለልኩት ቆጮ ነበር። የአውሮፕላን ጣቢያው ተቆጣጣሪ አወጣና በጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ዳቦ ነው።»

«የምን ዳቦ?»

«የእንሰት። ሙዝ የሚመስል ተክል ነው፤ ግን ሙዝ አያፈራም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚበላው?»

«ግንዱ። ፍቀን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረዋለን። ከወራት በኋላ እናወጣዋለን።»

ሰውየው ቆጮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ ይህች ሴት የተቀበረ ግንድ ቆፍራ እንደምትበላ ነገረው። ሁለቱም አዘኑልኝ። «ፖሌ ማማ» ብለው አሳለፉኝ፤ ፖሌ በስዋሂሊ ለተቸገረ ሰው የሚባል አይዞሽ ነው። አገሬ ከዚያ በፊት ቆጮ በመብላቴ ያዘነልኝ ሰው አልነበረም።

ውጭ የጠበቀችኝ ናኦሚ ናት። የአስተናጋጄ የእትዬ ጸዳለ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች።

«አንቲ ውዴ! ካሪቡ ሳና! ፍላይቱ እንዴት ነበር? ማሚ ኪችን ውስጥ ቢዚ ናት፣ ሶ እኔን ሴንድ አደረገችኝ።»

ከሦስት ቃል ሁለቱን ስለያዝኩ ደስ አለኝ። ማታቱ ተሳፈርን፤ ማታቱ የእነሱ ሚኒባስ ነው። ውጩ ሥዕል፣ ውስጡ ዳንስ ቤት ነው። የኛ አገር ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ የናይሮቢው አይናገርም፣ በትከሻው ራሱ ያጠጋችኋል። እነናኦሚ የሚኖሩበት ሰፈር ሳውዝ ሲ ስንደርስ ከሙዚቃው የተነሳ ለግማሽ ሰዓት ያህል የምሰማው ሁሉ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

እትዬ ጸዳለ የጎረቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። በስደት ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፉ ነው ልጅ ያሳደጉት። ፕሮቴስታንት ናቸውና ማዕድ ሲቀርብ ይጸልያሉ። ለአውሮፕላኑ፣ ለአብራሪው፣ ወገቡን ለያዘው ሹፌርና ለቆጮው ጸለዩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አባታችን ሆይ ብዬ መቁረስ ነው የለመድኩት። ዓይኔን ብገልጥ ወጡ ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም እንደዚያ ተጨንቆ የተቀበለኝ ቤት የለም።

እሑድ

ጎረቤታቸው ጋሽ ተስፋለም ሊጠይቁኝ መጡ። ኤርትራዊ ናቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መካኒክ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከአዲስ አበባ በወጡበት ቀን ቆሟል። «ጓድ ውድነሽ» ይሉኛል ለቀልድ። ዛሬ ፎቅ ስለቆመበት አንድ ክትፎ ቤት፣ አስተናጋጁ አሁንም ያነክስ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ክትፎ ከተነሳ» አሉ ጋሽ ተስፋለም፣ «ከጉራጌ አገር ሰው መጥቶ ክትፎ ሳንበላ ልትሄድ ነው እንዴ?»

«እኔ ናይሮቢ ከመጣሁ ጥሬ ቀምሼ አላውቅም» አሉ እትዬ ጸዳለ። «ሥጋውን ማን እንዳየው በምን አውቃለሁ?»

«እኔ አየዋለሁ!» አልኩ። ማንም አልለመነኝም።

ሰኞ

ሥልጠናው ከከተማው ወጣ ባለ የምርምር ተቋም ነው። አሥራ ሁለት ነን። አሠልጣኛችን ዶክተር ዋምቡይ ቀጭን፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። ስለ ትል ስታወራ ስለ እህቷ ልጆች የምታወራ ነው የምትመስለው፤ «ይሄኛው ትንሽ ያስቸግራል፣ ያኛው ግን ጨዋ ነው» ትላለች። ስንተዋወቅ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እንደሠራሁ፣ አንድም ቀን ኮሶ ይዞኝ እንደማያውቅ፣ ይህም በዓይኔ ምክንያት እንደሆነ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ኦቺዬንግ ይባላል። ከምዕራብ ኬንያ የመጣ የአሳማ ሐኪም ነው። ቁመቱ የበር ጉበን ይነካል፤ ድምፁ ግን ሰው እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስላል። ሚስቱ አኪኒ ትባላለች፣ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ፎቷቸውን ገና ሳንቀመጥ ነው ያሳየኝ። ምሳ ኡጋሊ መጣልን። ኡጋሊ ማለት ገንፎ ነው፤ ግን መሀሉ አልጎደጎደም፣ ቅቤም በርበሬም የለበትም። ኦቺዬንግ ተቋሙ ውስጥ ነው ያረፈው፤ ሦስት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ይህ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎታል።

ከመውጣታችን በፊት ዶክተሯ ለእያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት ብልቃጥ አደለችን። ረቡዕ ጠዋት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰገራ ይዞ ይመጣል፤ በእርሱ እንለማመዳለን። «በራሱ ያልጀመረ በሰው አይጀምር» አለች። «ብልቃጡን ያልሞላ ሰርተፍኬት የለውም። የማንኪያ ጫፍ ይበቃል።»

ማክሰኞ

ከሥልጠና ስመለስ ከእትዬ ጸዳለ ጋር ሥጋ ልንገዛ ወጣን። ናይሮቢ ሥጋ ቤት ቡቸሪ ይባላል። ሥጋው እንደኛው በመስኮት ተንጠልጥሏል፤ ሰው ግን ሁሉም ለጥብስ ነው የሚገዛው።

ባለ ሥጋ ቤቱን ሰላም አልኩና፣ «የዚህን በሬ መንጋጋ አሳየኝ» አልኩት።

«መንጋጋ አንሸጥም።»

«ልገዛው አይደለም፣ ላየው ነው። ምላሱንና ልቡንም።»

«ማማ፣ አንቺ በሬውን ታውቂው ነበር?» አለኝ።

እትዬ ጸዳለ በስዋሂሊ አስረዱት። ሰውየው ማኅተሙን አሳየኝ። የሰው ማኅተም ነው፤ እኔ ደግሞ የማምነው የራሴን ብቻ ነው። የምርመራ ቢላዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ከኋላዬ የተሰለፉት ደንበኞች ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። በመጨረሻ ወርቹን አውርዶ ሰጠኝ። በቀጭን በቀጭኑ ሰነጠቅሁት፤ ንጹሕ ነው። «ይለፍ!» አልኩ፤ ከልማድ የተነሳ ማኅተም ፍለጋ ኪሴ ገባሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሁለተኛ እንዳንመጣ በትሕትና ለመነን።

ክትፎው ግን ክትፎ ሆነ። ሚጥሚጣ፣ አይብ፣ የኔ ቆጮ። እትዬ ጸዳለ ስንት ዓመት የናፈቃቸውን ጥሬውን በሉ፤ ጋሽ ተስፋለም ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ናኦሚ ብቻ «ኖ ዌይ፣ የኔን ፍራይ አድርጉልኝ» አለች።

«ውዴ አይታዋለች!» አሏት እናቷ ተቆጥተው። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እኔ በኩራት አበጥኩ።

ረቡዕ

የማንኪያ ጫፍ ይበቃል ተብሎ እኔ ብልቃጡን አፍ እስከ አፉ ሞልቼ መጣሁ። የምንሠለጥንበት ክፍል በር ላይ ኦቺዬንግ ቆሟል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ማማ ውዴ፣ የለኝም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ከእሑድ ጀምሮ ምንም የለም። ትናንት ፓፓያ በላሁ። ዛሬ ጠዋት ገመድ ዘለልኩ።» ባዶ ብልቃጡን አሳየኝ። «ሰርተፍኬቱን ካላገኘሁ መሥሪያ ቤቴ ሁለተኛ አይልከኝም።»

እኛ ሰፈር እርሾ ያለቀባት ሴት ጎረቤቷ ጋ ትሄዳለች፤ ከልካይ የለባትም። እኔም ከዚህ አብልጬ አላሰብኩም። ጥግ ወሰድኩትና ከሞላው አካፈልኩት። «አታስብ፣ የኔ ንጹሕ ነው» አልኩት። «የሥጋ መርማሪ ነኝ።» እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ። ወዲያው ሁለታችንም ልንታጠብ ሄድን።

ክፍል ገባን። ዶክተሯ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ብልቃጥ እንዲለዋወጡ አዘዘች። ስለዚህ እኔ የኦቺዬንግን፣ ኦቺዬንግ የኔን መመርመር ጀመርን። ሁለታችንም የኔን ማለት ነው።

ለአንድ ሰዓት ያህል ጭራሮና የጎመን ቃጫ የሚመስል ነገር ብቻ አየሁ። ከዚያ በማይክሮስኮፑ መሀል ብቅ አለች። ክብ፣ ቡናማ፣ ቅርፊቷ እንደ ብስክሌት ጎማ በቸርኬ የተከፋፈለ። የኮሶ እንቁላል! በመጽሐፍ እንጂ እንዲህ ጠርታ አይቻት አላውቅም። ዘልዬ ተነሳሁ።

«ኮሶ! ኮሶ አገኘሁ!» ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ ነው የጮኽኩት፤ ሁሉም ግን ገብቶት ተሯሯጠ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «እዩ፣ እዩዋት!» እያልኩ ሰውን በተራ አሰለፍኩ።

ዶክተር ዋምቡይ አየችና ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ዓይን ማለት ይሄ ነው» አለች ለሰው ሁሉ። «የእርሷስ?» ብላ ኦቺዬንግን ጠየቀችው።

«ንጹሕ ነው» አለ ኦቺዬንግ፣ በዚያ በለዘበ ድምፁ። ማይክሮስኮፑን አያይም፤ እኔን ነው የሚያየኝ። እንዴት እንደሚያየኝ ስመለከት ነው ነገሩ የገባኝ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ደስታው ግን አልቆየም። ዶክተሯ ፊቷን ቆጠር አድርጋ አስረዳችን። የከብት ሥጋ ኮሶና የአሳማ ሥጋ ኮሶ እንቁላላቸው አይለይም። የከብቱ እንቁላል ሰውን አይጎዳም። የአሳማው ግን በእጅና በምግብ ወደ ሌላ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች አፍ ከገባ፣ ጭንቅላት ድረስ ሄዶ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ኦቺዬንግ ደግሞ አሳማ ያክማል፣ አሳማም ይበላል። «አርብ ከሰዓት ጭንቅላትህን በመሣሪያ ትታያለህ» አለችው። «ባለቤትህም ልጆቹን ይዛ ታስመርምር። እኔ ራሴ እደውልላታለሁ።»

ኦቺዬንግ አንገቱን ነቀነቀ።  ሰርተፍኬቴን አሰብኩ፣ አዲሷን ምሩቅ አሰብኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ማኅተሜን አሰብኩ። ኮሶው ሆዴ የገባው እኔ ራሴ «ይለፍ» ካልኩት ሥጋ ነው። ሌላ መንገድ የለውም። አፈርኩ፣ ፈራሁም፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ኦቺዬንግን ለብቻው አገኘሁት። ሌሎቹ ሳህን እንዳይጋራቸው እየሸሹት ነበር።

«ያንቺም ብልቃጥ ውስጥ ነበረ» አለኝ። «ሁለት አየሁ።»

«ታዲያ ለምን ንጹሕ ነው አልክ?»

«አንቺ ስቸገር ደርሰሽልኛል። እኔ በሰው ፊት ላዋርድሽ?» አለ። «መድኃኒት ይሰጡኛል፣ እውጠዋለሁ፣ ያልቃል ብዬ ነበር። አሁን ግን አኪኒ አስቸገረችኝ። ዶክተሯ ደውላ ከነገረቻት ጀምሮ ታለቅሳለች። ልጆቹን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች።»

«እውነቱን አትነግራትም?»

«ነገርኳት። ሰገራው የኔ አይደለም፣ ናይሮቢ ያለች አንዲት ሴት ናት የሰጠችኝ አልኳት።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ፣ ልታጽናናኝ ብለህ ነው የምትዋሸኝ፣ በሰው ሰገራ የሚታመም ሰው የት አለ አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ ሴትየዋ ማን ናት አለችኝ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዶክተሯ በራሷ አፍ ካልነገረችኝ አላምንም ብላለች።»

ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ምን እንደተማርን ዛሬ አላስታውስም።

አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ ጋሽ ተስፋለምም ነበሩ። ምስር ወጥ ቀረበ፤ አልበላሁም። እትዬ ጸዳለ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ብልቃጡን፣ እንቁላሏን፣ አኪኒን። ጨርሼ ቀና ስል ናኦሚ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አንቲ! ሼር አደረግሽው? ዩ ሼርድ ኢት?»

«ቆይ ቆይ» አሉ እትዬ ጸዳለ። «ታዲያ የማክሰኞው ክትፎስ?»

«እሱንም ያየሁት በዚሁ ዓይኔ ነው» አልኩ።

ጋሽ ተስፋለም የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። ናኦሚ «አይ ቶልድ ዩ ማሚ!» ብላ ብድግ አለች። ምናልባት ምንም የለበትም፣ ቢኖርም የሚታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ በአንድ ቀን መድኃኒት ይወጣል እያልኩ ልማል ምንም አልቀረኝም።

«ጓድ ውድነሽ» አሉ ጋሽ ተስፋለም ሆዳቸውን ዳበስ አድርገው፣ «የመጣው ይምጣ። ክትፎው ግን ሸጋ ነበር።»

እትዬ ጸዳለ ተነስተው እጃቸውን ሆዴ ላይ ጫኑና ጸለዩ። ትሉን በስም ገሠጹት፣ ሳይውል ሳያድር እንዲወጣ አዘዙት፤ ከቀላል ሕመም ጀምሮ እስከ ጦርነት ድረስ ያለውን ሁሉ አብረው ገሠጹ። እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ነገ ጠዋት ለሐኪሟ ትነግሪያለሽ።»

«ሰርተፍኬቱ ይቀርብኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ወረቀት ነው የምትይኝ? እኔ እዚህ አገር ያለ ወረቀት ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። ይኖራል፣ ውዴ። የሰው እናት አስለቅሶ መኖር ነው የማይቻለው።»

አርብ

ጠዋት ኦቺዬንግን እጁን ይዤ ዶክተር ዋምቡይ ቢሮ ገባሁ። ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች።

«ልድገመው» አለች። «የእርሱ የተባለው ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ያንቺ የተባለውም ያንቺ ነው።»

«አዎ።»

«የኮሶ ባለቤት ሆነሽ፣ ኮሶሽን ራስሽ አግኝተሽ፣ ሰው አሰልፈሽ አሳየሽ?»

«አዎ» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ስትቀና ግን ሳቁ ጠፍቶ ነበር። በውሸት ብልቃጥ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር አንድ በአንድ ነገረችን፤ እርሱ ያለ በሽታው ይታከማል፣ እኔ ከነበሽታዬ አገሬ እገባለሁ፣ ሦስት ልጆች በከንቱ በመርፌ ይወጋሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን የተቆጣኝ ሰው አላስታውስም። ልክ ነበረች።

«አሳማ በልተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«በጭራሽ! ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«እሱ አይበቃም። ትሉን ማየት አለብኝ።»

መድኃኒት አጠጣችኝ፣ ሰማያዊ ሳፋ ሰጠችኝ፣ መጸዳጃ ቤቱን ለኔ ብቻ አስለቀቀችልኝ። እዚያ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አልናገርም። በየመሀሉ በሩ ይንኳኳና ከአሥራ አንዱ ሠልጣኞች አንዱ «ማማ ውዴ፣ አለ?» ይለኛል። «ገና ነው!» እላለሁ። አገሬ ኮሶ የጠጣ ሰው ጓሮ ገብቶ በምስጢር ነው የሚገላገለው፤ የኔን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው የጠበቀው። ሲወጣ በጣም ረጅም ነበር። ሳፋውን ተሸክሜ ስወጣ ቆመው ተቀበሉኝ።

ዶክተሯ ከትሉ አንዱን ክፍል በሁለት መስታወት ጨፍልቃ ውስጡ ያሉትን ቅርንጫፎች ቆጠረች። የአሳማው ጥቂት ነው ያለው፤ የከብቱ ብዙ። «የከብት ነው» አለች። «ጥርት ያለ የበሬ ኮሶ።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኦቺዬንግ ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ አወጣና፣ ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «ይቅርታ» ብሎ ብልቃጡን ይዞ ወደ መጸዳጃው ሮጠ። ለካ ጭንቀቱም ጭምር ነበር የያዘው። እንዲህ ሆኖ የራሱን አስረከበ፤ ሲታይ ንጹሕ ነበር።

ዶክተሯ ለአኪኒ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ።

«ውድነሽ እባላለሁ» አልኩ። «ባልሽ አልዋሸሽም። የኔ ነው።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ መጀመሪያ።

«ሃምሳ ሁለት።»

«እህ» አለች፤ ከሥጋቶቿ አንዱ ሲለቃት ሰማሁት። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ሁለት ቀን ሙሉ የልጆቼን ራስ እየዳበስኩ ነው የዋልኩት። ትንሹ ሲያስነጥስ እንኳ ልቤ ይወርድ ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ። «ስለ ራሴ ስም ሳስብ አንቺን አስለቀስኩሽ።»

 ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አንቺስ? ሆድሽን አሁን እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀኝም ነበር። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። እንባዬ መጣ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። «ደህና ነኝ፣ እህቴ» አልኳት።

«ረጅም ነው ወይ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የኦቺዬንግን ቁመት ሦስት እጥፍ።»

ሳቋ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ከሰዓት በኋላ ሰርተፍኬቱን ለሁለታችንም ሰጡን፤ ዶክተሯ የኔን ስታቀብለኝ «ይህን ያገኘሽው ዛሬ ጠዋት ነው እንጂ ረቡዕ አይደለም» አለችኝ።

ቅዳሜ

እትዬ ጸዳለ ለመንገድ ዳቦ ጋገሩልኝ፤ ጋሽ ተስፋለም ያ ክትፎ ቤት የነበረበትን ቦታ አይቼ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ናኦሚ አቅፋኝ «አንቲ፣ ፕሊዝ፣ ፍራይ ኢት» አለችኝ። አገሬ ስገባ ተቆጣጣሪው ሻንጣዬን ከፍቶ ዳቦውን አየና ምንም ሳይጠይቅ ዘጋው፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ቄራ ገባሁ። የመጀመሪያውን በሬ መረመርኩ፤ አንድ ጊዜ የምሰነጥቀውን ሦስት ጊዜ ሰነጠቅሁት። ንጹሕ ነው፤ አተምኩ። አራጆቹ እንደ ልማዳቸው ከሻኛው ቆረጡና የመጀመሪያውን ለኔ ዘረጉልኝ። እኔ ሳልቀምስ አንዳቸውም አይቀምሱም።

«ጥበሱልኝ» አልኩ።

ሳቁ። እኔም ከነነውሩ ነገርኳቸው። የአራጆቹ አለቃ ወልዴ ቁርጡን በቢላው ጫፍ እንደያዘ ቆመ።

«ውዴ፣ እኛ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት አንቺን አይተን ነው የበላነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ማኅተሜ ሥጋው ይሸጥ ይላል። ጥሬውን ብሉ አይልም። ዓይኔ ሁሉንም አያይም፣ ወልዴ።»

ይህን ቃል እዚያ ቆሜ መናገር ሳፋ ተሸክሞ ከመውጣት ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ስምንት ጎልማሳ ቢላውን ዝቅ አደረገ። ወልዴ ሥጋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«መጥበሻ ያለው ማነው?» አለ።

ማንም አልነበረውም። ቄራችን ከተሠራ ጀምሮ መጥበሻ ገብቶበት አያውቅም። ከጎረቤት ተዋስን። እስከ ዛሬ አልመለስንም።